ላም በቀን ስንት ጊዜ ትጠጣለች?

በ2086 ዓ.ም. የሦስት አምባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ክፍል አሥራ አራት መምህራን ነበሩት። ከአሥራ አራቱ አምስቱ ናሆም ይባላሉ። ይኼ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል። ግን አሥራ አራቱም ወንዶች፣ አሥራ አራቱም ከሦስት የደጋ ከተሞች የመጡ፣ አሥራ አራቱም ግራጫ ጃኬት ለባሾች መሆናቸውንም አጋጣሚ ነው ሊል ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የመምህራን ክበብ ሲገቡ አስተናጋጇ "ምን ልታዘዝ?" ብላ አታውቅም። አሥራ አራት ስፕሪስ ታመጣለች።

አሥራ አራቱም ደግሞ ሰሌዳው ጋ ሲደርሱ በግራ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ። ክፍሉን የመሠረቱት ፕሮፌሰር ግራ ጉልበታቸውን ሪህ ይዟቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ተማሪያቸው እሳቸውን እያየ ተማረ፤ የተማሪያቸው ተማሪ ደግሞ እሱን እያየ። ሪሁ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ፣ ማነከሱ ግን ከነሙሉ ክብሩ ቀረ። ተማሪዎቹም ለምደውታል፤ ሳያነክስ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ቢያዩ አሟቸው ይሆን ይላሉ።

ይህን ያመጣው መዛኙ የሚባለው ማሽን ነው። መዛኙ ከአርባ አንድ ዓመት በፊት ሲገባ አገር እልል ብሎ ነው የተቀበለው። ያኔ መምህር የሚቀጠረው በዘመድ ነው፣ በብሔር ነው፣ በወንዝ ልጅነት ነው እየተባለ ሰው ተንገሽግሾ ነበርና፣ ዘመድ የሌለው፣ ወንዝ የሌለው፣ ስልክ ቢደወልለት የማያነሳ ዳኛ ተገኘ ተባለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አመልካቹ አዳራሽ ውስጥ የሙከራ ትምህርት ይሰጣል፤ መዛኙ ግድግዳው ላይ ሆኖ ያያል፣ ይሰማል፤ ከዚያ አመልካቹ ጥሩ መምህር ከሚባሉት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በመቶኛ ይናገራል። ከሰባ በታች ያመጣ ወደቀ። ጥሩ መምህር የሚባሉት እነማን ናቸው? እዚያው ያሉት ናቸዋ! ሌላ ከየት ይምጣ?

ዲራሙ ጃተኒ ሦስት ጊዜ ወድቃለች። የመጀመሪያውን ዓመት አርባ አንድ አመጣች፣ ቀጥሎ ሃምሳ ሦስት፣ ባለፈው ዓመት ስድሳ ስምንት። ሕጉ ለአንድ ሰው በዕድሜው አራት ሙከራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፣ የቀረቻትን አንዷን ይዛ አንድ ዓመት ሙሉ ጋሽ አምኃ ቤት ስትለማመድ ከረመች።

ጋሽ አምኃ እዚያው ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን ሳሎናቸው ውስጥ ሰሌዳ ሰቅለው አመልካቾችን ያለማምዳሉ።

"ግራ! ግራ እግርሽን አልኩሽ እኮ!" ይሏታል ሶፋቸው ላይ ሆነው።

"አነከስኩ እኮ ጋሼ።"

"ይኼ ማነከስ ነው? ይኼ እሾህ የወጋው ሰው አረማመድ ነው። ቀስ፣ በክብር። ደግሞ ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቀልዷን እንዳትረሺ።"

ቀልዷ ዝናብን በባርኔጣው ስለለካ ገበሬ ናት። አርባ ዓመት ተቀልዳለች። ተማሪው ከመምህሩ ቀድሞ ያውቃታል፣ ግን በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ይስቃል፤ ካልሳቀ የመምህሩ ነጥብ ይወርዳልና ሁሉም ይተዛዘናል። ዲራሙ ቀልዷን በመስተዋት ፊት ሁለት መቶ ጊዜ ሳትቀልድ አልቀረችም። አንድም ጊዜ አላሳቀቻትም።

ለምን ይህን ያህል ትደክማለች ቢባል፣ መምህርነት አምሮአት ብቻ አይደለም። የመጣችው ለአንዲት ቁጥር ነው።

ዲራሙ የቦረና ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አጎቷ ቦሩ ነው፤ በአገሩ ወግ አቡያ ትለዋለች። ቦሩ የኤላ ቡሌ፣ ማለትም የጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ አባ ሄሬጋ ነው። አባ ሄሬጋ ማለት የማን ከብት በየትኛው ቀን ውኃ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስከብር ሰው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲው ኤላው አጠገብ ዘመናዊ የውኃ ጣቢያ ተከለ። ዲራሙም ዲግሪዋን ይዛ ተመልሳ አራት ዓመት የጣቢያው ቴክኒሻን ሆና ሠራች። ገንዳው ላይ ቆማ ላሞቹን በየስማቸው እየጠራች በዜማ ታጠጣ ነበር።

ጣቢያው በሦስት አምባ መምህራን ሃንዳውት የተሠላ ነው። ገጽ አርባ ላይ "ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣለች፤ በድምሩ ሃያ አምስት ሊትር" ይላል። ስለዚህ ላሟ ስትመጣ ጣቢያው የጆሮዋን ቁጥር ያነባል፣ ከሃያ አምስቱ ግማሹን ይቀዳላታል፣ ገንዳውን ይዘጋል። ከዚያ ድምፅ ማጉያው "የጠዋት ድርሻችሁን ጠጥታችኋል፤ ማታ ተመለሱ" ይላል።

የኤላ ቡሌ ላም ግን ማታ አትመለስም። ሣሩ ያለው ከውኃው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። አንድ ቀን ትሄዳለች፣ አንድ ቀን ትግጣለች፣ አንድ ቀን ትመለሳለች፣ በሦስተኛው ቀን የሦስቱን ቀን ጥማት ባንድ ጊዜ ትጠጣለች። ይህን እዚያ አገር የማያውቅ የስድስት ዓመት ልጅ የለም። ሣሩ ጋ የሄደች እንደሆነ ጣቢያው የቀረባትን ውኃ አያስቀምጥላትም፤ ውኃው ጋ የቆየች እንደሆነ ደግሞ የምትበላው የለም። ኤላው ራሱ ጣቢያው ሲተከል ተከድኗል።

የኤላ ቡሌ ከብት አርቢዎች ማኅበር ሃያ ሰባት ጊዜ አቤት አለ። አቤቱታው የሚሄደው ለክፍሉ ነው። አሥራ አራቱ መምህራን ያዩታል፣ ይወያያሉ፣ ሃያ ሰባት ጊዜም አንድ ዓይነት መልስ መጣ፦ "ላም በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትጠጣ ጥናት አረጋግጧል። እባክዎ የአጠጣጥ ልማድዎን ያስተካክሉ።" ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ እውነቱን ለመናገር። ያደጉበት አገር ላም ደጅ ታስራ ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። አሥራ አራቱም ያዩት ያቺን ላም ነው፤ ከመካከላቸው "ሌላ ዓይነት ላም አይቻለሁ" የሚል አንድ ሰው አልነበረም።

ሃንዳውቱን ማስተካከል የሚችለው የክፍሉ መምህር ብቻ ነው። ስለዚህ ዲራሙ መምህር ልትሆን መጣች። በመጀመሪያው ሙከራዋ "በሦስት ቀን አንድ ጊዜ" ብላ አስተማረችና አርባ አንድ አመጣች።

"መጀመሪያ ግቢ" አሏት ጋሽ አምኃ። "ውስጥ ከገባሽ በኋላ የፈለግሽውን በይ። አሁን ግን ላሟ ሁለት ጊዜ ትጠጣ። ምን ይጎዳሻል?"

"ውሸት ነው እኮ ጋሼ።"

"እኔስ ሃያ ስድስት ዓመት ያልኩት ምን መሰለሽ? ግን ያኔ ውሸት መሆኑን የሚነግረኝ ሰው አላጋጠመኝም።"

በአራተኛው ሙከራዋ ቀን ዲራሙ ግራጫ ጃኬት ለብሳ አዳራሹ ገባች። አሥራ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ አሥራ አራተኛው ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰሌዳው ጋ ስትደርስ በክብር አነከሰች። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ የባርኔጣዋን ቀልድ ቀለደች፣ አሥራ ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ የቆላ አካባቢ የከብት ውኃ ፍጆታ ላይ ስትደርስ ሳታመነታ "ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣለች" አለች።

መዛኙ ዘጠና ስድስት ሰጣት። በክፍሉ ታሪክ ሁለተኛው ከፍተኛ ውጤት ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ናሆም፣ ትልቁ ናሆም የሚባሉት፣ እጇን ይዘው እንኳን ደስ ያለሽ አሉ። "በአርባ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ የቆላ ልጅ! አየሽ፣ መዛኙ አያዳላም።" ፎቶዋ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ወጣ። በማግስቱ ክበብ ስትገባ አስተናጋጇ ሳትጠይቅ አሥራ አራተኛውን ስፕሪስ አስቀመጠችላት። ዲራሙ ስፕሪስ አትወድም፤ ጠጣችው። የሴቶች መጸዳጃ ክፍሉ ባለበት ፎቅ ላይ ስላልነበረ ቁልፉን ከቤተ መጻሕፍት እየፈረመች ትወስዳለች፤ ሁለት ፎቅ ወርዳ፣ ሁለት ፎቅ ወጥታ። ይህንንም ቻለችው።

በሦስተኛው ሳምንት የሃንዳውቱን ነገር አነሳች። ደንቡ ሁለት መምህራን ከፈረሙ ማሻሻያው ለውይይት ይቀርባል ይላል። አንዱ ፊርማ የራሷ ነው፤ ሁለተኛውን ፍለጋ አሥራ ሦስቱንም በየቢሯቸው ዞረች።

"ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሌላ ሰው ከፈረመ እፈርማለሁ" አለ አንደኛው ናሆም። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም። ዮናታን የሚባለው ብቻ ትንሽ ለየት ብሎ "ሌሎቹ ምን አሉ?" ብሎ ጠየቃት፣ ነገረችው፣ "እንግዲያው ሌላ ሰው ከፈረመ" አለ። አሥራ ሦስት ሰው እርስ በርሱ እየተጠባበቀ አንድ ፊርማ ጠፋ። ወይ ጉድ! ብትል ማን ይሰማታል።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሳይፈረምላት ተነሥታ ተናገረች። ሣሩ ይኼን ያህል ይርቃል፣ ውኃው እንዲህ ነው፣ ላሟ በሦስት ቀን ነው የምትጠጣው አለች። ሁሉም በጨዋ ደንብ አዳመጧት።

"ወይዘሪት ዲራሙ" አሉ ትልቁ ናሆም፣ "ይኼ የአካባቢ ልማድ እንጂ የላም ተፈጥሮ አይደለም።"

"እኔ ያደግኩት ከላሞቹ ጋር ነው ዶክተር። እርስዎ ኤላ ቡሌን አይተውት ያውቃሉ?"

"ማየት አያስፈልግም፤ የባለሙያ ምስክርነት አለን።" ጠረጴዛውን ነካ አደረጉ። ከግድግዳው የዲራሙ ድምፅ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፦ "ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣለች።"

ማንም አልሳቀባትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ዲራሙ የገዛ ድምፅዋን ይዛ መመለስ አልቻለችም። ተቀመጠች። ስብሰባው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የወንበሮች ቀለም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከቀትር በኋላ የቤት ሥራ እያረመች ሳለ ቦሩ ደወለ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሁሉ ተነጋገሩ። ላሞቹን ግን አላነሳም።

"አቡያ፣ ምን ሆናችኋል?"

"ድምፅሽን ሰማነው።"

"የት?"

"ገንዳው ላይ ነዋ። የዱሮው ሰውዬ ድምፅ ቀርቷል። አሁን አንቺ ነሽ፣ በኛው ቋንቋ። የጠዋት ድርሻችሁን ጠጥታችኋል፣ ማታ ተመለሱ ትያለሽ።"

ዲራሙ የምታርምበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች። አስፈርመዋት ነበር፤ የቅጥር ወረቀቱ ሃያ ገጽ ነው፣ አንዱ ገጽ ላይ የሙከራ ትምህርቱም ድምፅዋም የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ድምፅዋንም በማሽን በፈለገው ቋንቋ ሊያናግረው ይችላል ይላል። የአካባቢ ተወላጅ ድምፅ ሲሆን ተጠቃሚው በተሻለ ይታዘዛል ተብሎ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሃያ ስምንተኛው አቤቱታ የተመለሰው በእሷው አፍ ነው።

"ተቀየምከኝ አቡያ?"

"ሰውስ ያውቅሻል፤ ተገዳ ነው ይላል። የቸገሩን ላሞቹ ናቸው።"

"ላሞቹ ምን ሆኑ?"

"ድምፅሽን ያውቁታላ። አራት ዓመት ያጠጣሻቸው አንቺ አይደለሽ? ያ ነገር በተናገረ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ወደ ገንዳው ይመለሳሉ። ወደ ሣሩ ብንነዳቸው እምቢ አሉን። የምትመጪ መስሏቸው ቆመው ይጠብቁሻል። ቡሬዋ ትናንት እዚያው ቆማ ቆማ ወደቀች።"

ዲራሙ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች። ቦሩም እንድትጨርስ ጠበቃት፤ "አይዞሽ" ብቻ ነው ያላት።

ከቢሮ ስትወጣ በቀጥታ ጋሽ አምኃ ቤት ሄደች። እሳቸው ደንቡን ከሰው ሁሉ በላይ ያውቁታል።

"የሙከራ ትምህርቴን መልሼ መውሰድ እችላለሁ?"

ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን አወለቁ። "ትችያለሽ። አንቀጽ አለው፤ ማንም ተጠቅሞበት ግን አያውቅም። እዚያው አዳራሽ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት ቆመሽ እንደገና ታስተምሪያለሽ። ያን ጊዜ የድሮው ቅጂ ካለበት ሁሉ ይሰረዛል።"

"ከጣቢያውም?"

"ከጣቢያውም። ግን አዲሱ ነጥብ ከሰባ በታች ከሆነ ሥራሽም አብሮ ይሰረዛል። አራት ሙከራሽን ጨርሰሻል ልጄ። ዳግመኛ አትገቢም፣ ዕድሜ ልክሽን።"

"ገባኝ።"

"አልገባሽም! አርባ ዓመት ያልተሰነጠቀ ግንብ ሰንጥቀሽ ገብተሻል። ዝም ብለሽ ተቀመጪ። አንድ ቀን ሁለተኛ ሰው ይመጣልሻል፣ ያኔ ሁለት ፊርማ ይሆናል።"

"መቼ ይመጣል ጋሼ?"

ጋሽ አምኃ ዓመታቱን በጣታቸው ቆጠሩ። መዛኙ አርባ አንድ ዓመት ፈጅቶ ከሌላ ወገን አንድ ሰው ብቻ አስገብቷል፤ እሷንም ያስገባው እነሱን እስክትመስል ጠብቆ ነው።

"ላሞቹ እስከዚያ አይቆዩም" አለች ዲራሙ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አሥራ ሦስቱ መምህራን አዳራሽ ተሰበሰቡ። ትልቁ ናሆም ከመጀመሯ በፊት ወደ ጎን ወስደው በእውነተኛ አዘኔታ "ወይዘሪት ዲራሙ፣ አሁንም መተው ይቻላል። እንወድሻለን እኮ" አሏት። እንደሚወዷት አላጣችውም።

ግራጫውን ጃኬት ወንበር ላይ ትታው ተነሣች። ሰሌዳው ጋ ቀጥ ብላ ሄደች። ግድግዳው ላይ መዛኙ ገና ሳትናገር ከዘጠና ስድስት ወደ ሰማንያ ወረደ።

በሰሌዳው አንድ ጫፍ ነጥብ አደረገች። "ይኼ ውኃው ነው።" በሌላው ጫፍ ሌላ ነጥብ አደረገች። "ይኼ ሣሩ ነው። መካከሉ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ላሟ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ልጠጣ ካለች መቼ ትብላ?"

መዛኙ እንደገና ወረደ፦ ስልሳ አንድ።

ስለ ተራው ነገረቻቸው። ከብቱ ሁሉ በሦስት ይከፈላል፣ አንዱ እጅ ዛሬ ይጠጣል፣ አንዱ ነገ፣ አንዱ ከነገ ወዲያ። ስለዚህ ኤላው አይጨናነቅም፣ ሣሩም ባንድ ቦታ አያልቅም። ይህን ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፣ ተራ የሰበረ ይቀጣል፣ ቅጣቱን የሚወስን ሸንጎ አለ። ይኼ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ስሌት ነው፤ የሚሠራውም እናንተ ገጽ አርባን ከመጻፋችሁ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው አለች። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ መጣ፣ አለፈ። ቀልዱን አልቀለደችም። ከኋላ አንዱ ከልማድ ብዛት ሊስቅ ጀምሮ አፉን በእጁ ያዘ።

"እዚህ ቆሜ ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣለች ብዬ ነበር" አለች መጨረሻ ላይ። "ዋሽቼ ነው። እናንተን ለመምሰል ብዬ ዋሽቻለሁ። የእናንተ ላም ሁለት ጊዜ ትጠጣ ይሆናል፤ የእኛን ግን ጠይቃችሁን አታውቁም።"

መዛኙ ሃያ ሁለት አለ። ከተተከለ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁጥር አሳይቶ አያውቅም። ትልቁ ናሆም ተነሥተው ደንቡ በሚያዘው መሠረት የድሮው ቅጂ መሰረዙን አነበቡ፤ ከዚያ የቅጥሩን መሰረዝ አነበቡ። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ነበሩ።

ዲራሙ ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ሰማች። ትንሹ ናሆም ነው፤ ከአምስቱ የመጨረሻው፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

"ላስቸግርሽ" አላት። "ሣሩ ሁልጊዜ የአንድ ቀን መንገድ ነው? በበጋስ?"

ዲራሙ ቆመች። ይህን ጥያቄ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"በበጋ ሊርቅ ይችላል። ያኔ በአራት ቀን ታጠጣለህ።"

"በዝናብ ጊዜስ?"

"በዝናብ ሣሩም ውኃውም ደጅህ ነው። እንደልባቸው።"

ትንሹ ናሆም አሰበ። "እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ አንድ አይደለማ" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ክበብ ይጠበቃል። "ቻው" ብሏት ወደ ላይ ተመለሰ። ወረቀት ላይ ይፈርም አይፈርም እሷ አላወቀችም፤ ቢፈርምም ያለ እሷ አንድ ፊርማ ነው።

ቅዳሜ ቦሩ ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ "ድምፅሽ ጠፋ!" አለ። "የዱሮው ሰውዬ ተመልሷል። ላሞቹ ዞር ብለውም አላዩት፤ ያቺኑ ግማሽ ድርሻ ጠጡና ወደ ሣሩ ሄዱልን።"

"ተመስገን" አለች ዲራሙ።

"ውኃውስ?"

"ውኃው እንደነበረው ነው አቡያ። ገጽ አርባ አልተነካም።"

"አንቺስ?"

ነገረችው። ሁሉንም፣ አንቀጹን፣ ሃያ ሁለቱን፣ ዳግመኛ እንደማትገባ። ቦሩ እስኪያልቅ ሰማ።

"ለኛ ብለሽ ወጣሽ" አለ። "እግዜር ይስጥሽ። እና አሁን እዚያ ውስጥ ማን አለን?"

ዲራሙ መዋሸት ሰልችቷታል። "ማንም የለንም" አለችው።

መስመሩ ላይ የከብት ደወል፣ የሰው ጩኸት ይሰማል። ቦሩ ከአንዱ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ።

"ስሚ" አለ። "የጃርሶ ልጅ ዲግሪዋን ጨርሳለች። የዋቆ መንትዮችም ዘንድሮ ይጨርሳሉ። ከጎረቤት ከሶማሌዎቹ ጎበዝ ልጅ አለች ይላሉ፣ ግመል ስትጠጣ ደግሞ ሌላ ስሌት ነው፣ እሷ ትንገራቸው። ሁሉንም እልክልሻለሁ። ማነከሱንም፣ ቀልዱንም፣ ያን የምትጠጡትንም ነገር አስተምሪያቸው።"

"ዋሽተው ይግቡ ነው የምትለኝ?"

"ቀላል ይሆናል አላልኩም። ብቻ አንድ አንድ እያላችሁ አትግቡ። ጥልቅ ኤላ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ወርዶ ውኃ ሲያወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ባልዲ የሚቀበለው ሰው ከላዩ ከሌለ ምን ያደርጋል? ጥፋቱ የኛ ነው ዲራሙ። ብቻሽን ነበር ያወረድንሽ።"